ለሰው ሀብት አስተዳደር ሶፍትዌር ትግበራ ስንት ሰው፣ ማን እና መቼ?

ጥያቄው፦ «6,000 ያህል ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት አስተዳደር ምክትል ኃላፊ ነኝ። የሠራተኛ መረጃን፣ ደመወዝን፣ የሥራ ሰዓት ቁጥጥርን፣ ቅጥርንና የሥራ አፈጻጸም ምዘናን በአንድነት የሚይዝ ሶፍትዌር ልንተገብር ነው። አቅራቢው ድርጅት ሥራው በ9 ወር እንደሚያልቅ፣ ከእኛ ወገን 4 ሠራተኞች በግማሽ ጊዜ ቢመደቡ እንደሚበቃ ጽፎልናል። ክፍላችን 42 ሠራተኞች አሉት፤ ከእነሱ 7ቱ ደመወዝ ያዘጋጃሉ። የበላይ አመራሩ ተጨማሪ ሰው አይቀጠርም ብሏል። 4 ሰው በግማሽ ጊዜ በእርግጥ ይበቃል? ካልበቃስ ስንት፣ ማንን፣ ለምን ያህል ጊዜ ልጠይቅ?»

ምላሽ፦

የተከበሩ ጠያቂ፣ አይበቃም። ይህን የምለው የአቅራቢውን ሐቀኝነት ተጠራጥሬ አይደለም። አቅራቢዎች «ከደንበኛው ወገን ይህን ያህል ሰው ያስፈልጋል» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ከአማካሪዎቻቸው ጋር ስብሰባ የሚቀመጠውን፣ ጥያቄያቸውን የሚመልሰውንና ሰነዳቸውን የሚፈርመውን ሰው ነው። ከስብሰባው ውጭ ያለው ሥራ፣ ማለትም የግል ማኅደሮችን ማጥራት፣ በቃል ብቻ የሚታወቁ የክፍያ ደንቦችን ፈልጎ በጽሑፍ ማስፈር፣ የሙከራ ጉዳዮችን ማዘጋጀት፣ በአሮጌውና በአዲሱ የደመወዝ መዝገብ መካከል ያለውን ልዩነት አንድ በአንድ መፍታት፣ በውሉ አባሪ ላይ «የደንበኛው ኃላፊነቶች» በሚል ርዕስ ሥር በጥቂት መስመሮች ተጠቅሶ ይታለፋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ያንን አባሪ ያውጡና በእያንዳንዱ መስመር አንጻር ሥራውን የሚሠራውን ሰው ስም ይጻፉ። የክፍል ስም አይበቃም፤ የሰው ስም መሆን አለበት። ስም ያልተገኘለት መስመር ሁሉ ማንም ያላቀደው ሥራ ነው፤ የሚሠራውም የጊዜ ሰሌዳው ከተዛባ በኋላ በትርፍ ሰዓት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ስሌቱን በሰዓት ይጀምሩ፤ የሰው ብዛት ከሰዓቱ ይወጣል። በመጀመሪያ የቀረበልዎትን አቅም እንመልከት። በሳምንት 5 ቀን የሚሠራ ሰው በዓመት 260 ያህል የሥራ ቀናት አሉት። የዓመት ፈቃድ፣ በዓላት፣ ሕመምና ሥልጠና 40 ቀን ቢወስዱ 220 ይቀራል፤ ይህም በወር ከ18 ቀን ጥቂት የሚበልጥ ነው። ከ8ቱ የሥራ ሰዓት ውስጥ በተመደቡበት ሥራ ላይ በትክክል የሚውለውን 6 ሰዓት አድርገን ብንወስድ፣ አንድ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ በወር 110 ሰዓት ያህል ይሰጣል። በግማሽ ጊዜ የተመደቡ 4 ሰዎች በወር 220፣ በ9 ወር 1,980 ሰዓት ይሰጣሉ ማለት ነው። የአቅራቢው ሐሳብ በሰዓት ሲመነዘር ይህን ያህል ነው።

አሁን ሥራውን እንቁጠር። የምጠቀምባቸው መጠኖች የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የወሰድኳቸው ስለሆኑ በራስዎ መጠኖች ይተኳቸው። ከመረጃ ማጥራት ልነሳ፣ ምክንያቱም ሰዎች አቃልለው የሚያዩት እሱን ነው። ከተለያዩ ክፍሎች 50 የግል ማኅደሮች በዕጣ ያውጡ፤ ሁለት ልምድ ያላቸው ሠራተኞች በማኅደሩ ያለውን ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የቅጥር ቀን፣ የሥራ መደብ፣ የደመወዝ እርከን፣ ተቀናሾችና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አሁን በኮምፒውተር ካለው ጋር እያስተያዩ እንዲያርሙ ያድርጉ፤ እያንዳንዱ ማኅደር የፈጀውን ደቂቃም ይመዝግቡ። ይህ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ከማንኛውም የአማካሪ ግምት የበለጠ እውነት ይነግርዎታል። አንድ ማኅደር በአማካይ 12 ደቂቃ ከወሰደ፣ 6,000ው 1,200 ሰዓት ይፈጃል። የመረጃ ማጥራት ብቻውን ከቀረበልዎት 1,980 ሰዓት ከግማሽ በላይ ወሰደ ማለት ነው። አንድ ሰው በሁለት ዓይነት የስም አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ፣ የቅጥር ደብዳቤው ሌላ ቀን፣ የኤክሴል መዝገቡ ሌላ ቀን ይዞ መገኘቱ የእርስዎ ድርጅት ጉድለት ብቻ ነው ብለው አይፈሩ፤ ለዓመታት በብዙ እጅ የተያዘ መረጃ ሁሉ እንዲህ ነው።

ቀሪውን በፍጥነት ልሂድበት። የአሠራር ንድፍ ስብሰባዎች 30 ቢሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 3 ሰዓት ቢወስዱና 5 ሰው ቢቀመጥባቸው 450 ሰዓት ይሆናል፤ ለስብሰባው መዘጋጀትና ከስብሰባው በኋላ የቀሩ ጥያቄዎችን ማጣራት ያንኑ ያህል ስለሚወስድ 900 ብለው ይያዙት። ለተጠቃሚዎች ሙከራ 240 የሙከራ ጉዳዮች ቢዘጋጁ፣ እያንዳንዱን ለመጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመሞከር 45 ደቂቃ ቢፈጅና ሙከራው 3 ዙር ቢደረግ፣ 360 ሰዓት ለጽሑፉ፣ 540 ሰዓት ለሙከራው፣ በድምሩ 900 ሰዓት ነው። አንድ ዙር ይበቃል የሚልዎትን አይስሙ፤ በመጀመሪያው ዙር ስሕተት ይገኛል፣ በሁለተኛው የታረመው ይፈተናል፣ ሦስተኛው ደግሞ እርማቱ ቀድሞ ደኅና የነበረውን እንዳላበላሸ ያረጋግጣል። ለትይዩ የደመወዝ ሙከራ 340 ሰዓት እይዛለሁ፤ ስሌቱን ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። ለ400 ኃላፊዎች በ20 በ20 እየተከፈሉ የሚሰጥ ሥልጠና፣ ጽሑፎቹን ከማዘጋጀት ጋር፣ 420 ሰዓት ያህል ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ሲደመር 3,760 ሰዓት ነው። ሥራውን የሚመራ የሙሉ ጊዜ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ በ9 ወር 990 ሰዓት ስለሚጨምር 4,750 ይደርሳል። ከባንክ፣ ከሒሳብ መዝገብና ከሰዓት መቆጣጠሪያ መሣሪያዎች ጋር የማገናኘቱ ሥራ ገና አልተቆጠረም። በቀረበልዎት 1,980 ሰዓትና በዚህ ድምር መካከል ያለው ክፍተት በትጋት የሚሸፈን አይደለም።

ይሁን እንጂ ድምሩ ብቻውን ያታልላል፤ ሰዓቱ በ9ኙ ወር ላይ እኩል አይከፋፈልምና። የመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሹት ጥቂት ነገር ግን ጥልቅ ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች ነው። መካከሉ ላይ አማካሪዎቹ ሥርዓቱን በድርጅቱ ደንብ ሲያዋቅሩ የእናንተ ወገን ቀለል የሚለው ይመስላል፤ መረጃ የሚጠራውም ያን ጊዜ መሆን ሲገባው ብዙዎች ያንን ጊዜ ዐርፈውበት ያልፋሉ። ሙከራው፣ ትይዩ ደመወዙ፣ ሥልጠናውና የመጨረሻው የመረጃ ማስተላለፍ በአንድነት የሚወድቁት በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ላይ ነው። ዕቅዱን በአማካይ ያወጣ ሰው በ7ኛው ወር ላይ ሠራተኛ ያልቅበታል።

ለዚህ ትይዩ የደመወዝ ሙከራ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ ሙከራ የአንድ ወር ደመወዝ በአሮጌውና በአዲሱ መንገድ ይሠራና የእያንዳንዱ ሠራተኛ የተጣራ ክፍያ ይመሳከራል። በመጀመሪያው ወር 10 በመቶው፣ ማለትም 600 ሰው ላይ ልዩነት ቢታይና የአንዱን ልዩነት ምክንያት ለማግኘት 20 ደቂቃ ቢፈጅ 200 ሰዓት ይሆናል። በሁለተኛው ወር 5 በመቶ ቢሆን 100 ሰዓት፣ በሦስተኛው 2 በመቶ ቢሆን 40 ሰዓት፤ የያዝኩት 340 ከዚህ የመጣ ነው። በጠቅላላ ድምሩ ውስጥ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው 200 ሰዓት የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ከመዘጋቱ በፊት፣ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት ብንል፣ በቀን 25 ሰዓት፣ ማለትም በቀን 6 ሰዓት የሚሠሩ ከ4 በላይ ሰዎች ሌላ ምንም ሳይሠሩ ይፈልጋል። የደመወዝ ክፍልዎ 7 ሰው ነው፤ እነዚያው 7 ሰዎች በዚያው ሳምንት የ6,000 ሰው እውነተኛ ደመወዝ ያዘጋጃሉ። ዕቅዱ የሚፈርሰው እዚህ ቦታ ላይ እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስለ «ግማሽ ጊዜ» አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በወረቀት ላይ 50 በመቶ የተባለ ሠራተኛ የቀድሞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የቀድሞ ስልኩን እያነሳ፣ የቀድሞ አለቃውን ትእዛዝ እየተቀበለ ከቀጠለ፣ ፕሮጀክቱ የሚያገኘው ከዕለት ሥራ የተረፈውን ጊዜ ነው። ከዕለት ሥራ ደግሞ የሚተርፍ ጊዜ የለም። የግድ በግማሽ ጊዜ የሚመደብ ሰው ካለ ቀኖቹ በጽሑፍ ይለዩ፤ ለምሳሌ ከሰኞ እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን የፕሮጀክቱ ይሁን፣ በሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ በእነዚያ ቀናት የዕለት ሥራውን ማን እንደሚይዝ ይታወቅ። ለደመወዝ ባለሙያዎች ደግሞ ከየወሩ ደመወዝ የሚዘጋበትን 5 ወይም 6 ቀን ከመነሻው ከዕቅዱ ያውጡት፤ በዚያ ሳምንት ስብሰባ የጠራ አማካሪ የሚያገኘው ባዶ ወንበር ነው።

ማንን ልመድብ ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ የሚከብደው ለአመራሩ ነው፤ የሚመደቡት ክፍሉ ያለ እነሱ አይሠራም የሚባሉት ሰዎች ናቸው። አመራር በተፈጥሮው የሚለቀው ከሥራ ቢጎድል የማይታወቀውን ወይም አዲስ የተቀጠረውን ሰው ነው። ሶፍትዌሩ ግን የሚዋቀረው በደንብ ዕውቀት ነው፤ በወሩ አጋማሽ የተዛወረ ሰው አበል እንዴት እንደሚከፈል፣ የደረጃ ዕድገት ወደ ኋላ ተመልሶ ሲጸና ውዝፉ እንዴት እንደሚሰላ፣ በሌሊት ፈረቃ ላይ የዋለ በዓል በስንት እንደሚባዛ በመመሪያ ላይ ያልተጻፈ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው ወይም ጊዜያዊ ቅጥር የሚመጣ ከሆነ ወደ ፕሮጀክቱ አይግባ፤ ወደ ዕለት ሥራው ይግባና አዋቂው ወደ ፕሮጀክቱ ይሂድ። ብዙዎች ይህን ገልብጠው ይሠሩታል። ተተኪውም ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ 2 ወር አስቀድሞ መግባት አለበት፤ ቢያንስ ሁለት የደመወዝ መዝጊያ ከአዋቂው ጎን ተቀምጦ ካላለፈ አዋቂው በየሰዓቱ ተመልሶ እየተጠራ መለቀቁ ከንቱ ይሆናል።

ከዓመታት በፊት በአማካሪነት በተሳተፍኩበት አንድ ትግበራ የውዝፍ ክፍያን ስሌት የምታውቅ አንዲት የደመወዝ ባለሙያ ብቻ ነበረች። ቀን በመደበኛ ሥራዋ፣ ማታ በፕሮጀክቱ ላይ ትውል ነበር፤ ተተኪ ይመደብላት ብለን በጽሑፍ ሳንጠይቅ መቅረታችን የእኔም ጥፋት ነበር። በሁለተኛው የትይዩ ሙከራ ወር ታመመች። ለ3 ሳምንት ልዩነቶቹን የሚፈታ ሰው ስላልነበረ አማካሪዎቹ እየተከፈላቸው ተቀመጡ፣ የማስጀመሪያው ቀንም ተላለፈ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የጊዜው መባከን አይደለም፤ ያቺ ሴት ስትመለስ ለመዘግየቱ ራሷን ጥፋተኛ አድርጋ ማግኘቴ ነው። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ወሳኝ ዕውቀት ሁለተኛ ሰው ይሰየም፣ የዓመት ፈቃድም በዕቅዱ ውስጥ ይግባ እንጂ «ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ ፈቃድ የለም» አይባል የምለው። 9 ወር ያለ ዕረፍት የሠራ ሰው ሥራው በሚጠነክርበት በመጨረሻው ወር ስሕተት ይሠራል።

የሰው ኃይልን አሳንሶ ማቀድ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በይፋ ከተመረመሩ ሁለት ትግበራዎች መረዳት ይቻላል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት ጤና መሥሪያ ቤት ለ80,000 ገደማ ሠራተኞቹ አዲስ የደመወዝ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ሲያስጀምር ብዙ ሺህ ሰዎች ደመወዛቸው ጎደለ፣ በዛ ወይም ጨርሶ አልገባም። በ2012 በወጣው ግምገማ መሠረት ሥርዓቱን ለማንቀሳቀስ ከ1,000 በላይ የደመወዝ ሠራተኞች በየሁለት ሳምንቱ ከ200,000 በላይ ሥራዎችን በእጅ ማከናወን ነበረባቸው፤ ጠቅላላው ወጪም ወደ 1.2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚደርስ ተገመተ። ሥርዓቱ ይቆጥበዋል የተባለው የሰው ጉልበት በኋላ በእጅ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው። በካናዳ ደግሞ ፊኒክስ የተባለው የፌዴራል መንግሥት የደመወዝ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጀመሩ በፊት፣ በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩ 1,200 ያህል የደመወዝ ባለሙያዎች መደብ ተሰርዞ ሥራው በአንድ ከተማ ወደተቋቋመና 550 ያህል ሠራተኞች ወዳሉት ማዕከል ተዛወረ። የአንዱ ባለሙያ ምርታማነት በአዲሱ ሥርዓት በእጥፍ ይጨምራል ተብሎ ታምኖ ነበር። የሀገሪቱ ዋና ኦዲተር ማይክል ፈርጉሰን በ2018 ባቀረቡት ሪፖርት ኃላፊዎቹ በጀቱንና ቀኑን ለመጠበቅ ሲሉ የሥርዓቱን ተግባራትና ሙከራውን እንደቀነሱ ገልጸው፣ ውድቀቱን ለመረዳት የሚያዳግት ብለውታል።

ሁለቱም ከእርስዎ ድርጅት እጅግ የሚበልጡ መሆናቸው እውነት ነው። ትምህርቱ ግን በመጠን አይለወጥም፤ ሶፍትዌሩ ያስገኛል የተባለውን የሠራተኛ ቅነሳ ሶፍትዌሩ ሥራውን ከማሳየቱ በፊት ማስፈጸም፣ ችግር ሲመጣ የሚፈታውን እጅ አስቀድሞ መቁረጥ ነው። በእርስዎም ድርጅት «ሥርዓቱ ሲመጣ ከ7ቱ 3ቱ ይበቃሉ» የሚል ሐሳብ ከወዲሁ እየተነገረ ከሆነ፣ ቢያንስ አንድ የዓመት መዝጊያ እስኪታለፍ ድረስ እንዳይፈጸም በጽሑፍ ያስወስኑ። ሐሳቡ መነገሩ ብቻ እንኳ የሚጎዳበት መንገድ አለ፤ ሥራዬን ያሳጣኛል ብሎ የሚያምን ባለሙያ ያለውን ዕውቀት ለዚያው ሥርዓት በሙሉ ልቡ አይሰጥም፣ ሊፈረድበትም አይገባም።

ከዘገየ በኋላ ሰው መጨመር ለምን እንደማይረዳም ላንሳ፤ አመራር «ችግር ካለ ያን ጊዜ እንጨምራለን» ማለቱ የተለመደ ነውና። የአይቢኤም ሲስተም 360 ኮምፒውተሮችን ሥራ የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳስቀመጠው፣ ለዘገየ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። አዲሱን የሚያስተምረው ሥራ የበዛበት ነባሩ ሰው ነው፤ መነጋገር የሚኖርባቸውም ጥንዶች ከሰው ብዛት ይልቅ በፍጥነት ያድጋሉ። 5 ሰዎች 10 ጥንድ፣ 10 ሰዎች 45፣ 15 ሰዎች 105 ጥንድ ይሆናሉ። ከዚህ ሕግ ነጻ የሚሆነው የተከፋፈለና ብዙ መነጋገር የማይጠይቅ ሥራ ነው፤ ማኅደር ማስተያየት እንደዚያ ስለሆነ በጊዜያዊ ጸሐፊዎች ሊፋጠን ይችላል። የደመወዝ ደንብ ማዋቀር ግን አይችልም።

የማስጀመሪያውን ቀን ስትመርጡ ሁለት ነገሮች ይጋጩባችኋል። ሥርዓቱን በግብር ዓመቱ መጀመሪያ ማስጀመር የዓመቱን የተጠራቀመ ክፍያና ግብር ከአሮጌው ሥርዓት ከማዛወር ያድናል፤ በሌላ በኩል ያ ወቅት ክፍልዎ በዓመት መዝጊያ፣ በምዘናና በደመወዝ ጭማሪ የሚጨናነቅበት ነው። ተተኪዎች በእጅዎ ካሉ የመጀመሪያውን ይምረጡ። ከሌሉ ከዓመት መዝጊያው ሁለት ወይም ሦስት ወር ራቅ ብሎ ማስጀመርና የተጠራቀመውን ሒሳብ የማዛወሩን ተጨማሪ ሥራ መቀበል ይሻላል፤ ተጨማሪው ሥራ ሊታቀድ ይችላል፣ የዛለ ሰው ስሕተት ግን አይታቀድም።

በሰዓት ስሌት ውስጥ የማይታይ ሌላ ሀብት የወሳኞች ጊዜ ነው። በንድፉ ወቅት በርካታ የደንብ ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ፈቃድን ማን ያጸድቃል፣ ተጠባባቂ ኃላፊ ምን ማየት ይችላል፣ ሁለት ክፍሎች በተለያየ መንገድ የሚያሰሉት አበል በየትኛው ይሠራ? የእርስዎ 5 ሰዎች አንድ ውሳኔ ሲጠብቁ 5 ቀን ቢቆሙ 25 የሰው ቀን ይባክናል። ስለዚህ የፕሮጀክቱ የበላይ ደጋፊ የሚሆነው ኃላፊ በየሳምንቱ 2 ሰዓት በቀን መቁጠሪያው ላይ ይለይ፤ አንድ ጥያቄ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተወሰነ ወደ እሱ በቀጥታ እንዲወጣ፣ እሱም በሌለበት ማን እንደሚወስን ከመጀመሪያው ይጻፍ።

እንግዲህ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምጠይቀው ይህን ነው። ለ9ኙም ወር በሙሉ ጊዜ 5 ሰው፦ የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ፣ ከ7ቱ መካከል ደንቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ የደመወዝ ባለሙያ፣ የሠራተኛ መረጃን የሚመራ ሰው፣ ከኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ግንኙነቶቹንና የመግቢያ ፈቃዶችን የሚይዝ ባለሙያ፣ እንዲሁም ሥልጠናንና ለሠራተኛው የሚሰጠውን ማብራሪያ የሚመራ ሰው። ለመረጃ ማጥራት 4 ጊዜያዊ ጸሐፊዎች ለ3 ወር፤ ይህም ከሚያስፈልገው 1,200 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ 1,320 ሰዓት ይሰጣል። ጸሐፊዎቹ የሰው ደመወዝና የቤተሰብ ሁኔታ ስለሚያዩ የምስጢር ግዴታ ይፈርሙ፤ ያረመው ሰውም እርማቱን ራሱ እንዳያጸድቅ ሥራው ይከፈል። በደመወዝ ክፍል ሁለተኛ አዋቂ፣ ከንድፉ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ በትይዩ ሙከራ ጊዜ በሙሉ ቀን። በሙከራና በማስጀመሪያ ወራት ከየሥራ ክፍሉ 8 ወይም 10 ተጠሪዎች በሳምንት አንድ ቀን ተኩል። ለ5ቱ ቋሚዎች የዕለት ሥራ ደግሞ ቢያንስ 3 ተተኪዎች። የሠራተኞቻችሁ ብዙ ክፍል በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ የሙከራ ጉዳዮቹን ቁጥር ከ240 ወደ ላይ ያንሱት፤ ከፈረቃ የበለጠ ስሕተት የሚያፈራ ደንብ አላየሁም።

አመራሩ ሰው አይቀጠርም ስላለ፣ «ሰው ስጡኝ» ብለው አይግቡ። አንድ ገጽ ላይ ሦስት አማራጮችን ከነሰዓታቸው አስቀምጠው ምርጫውን ለእነሱ ይስጡ። አንደኛው ከላይ የዘረዘርኩት ነው። ሁለተኛው አሁን በተፈቀደው 1,980 ሰዓት መጠን መሥራት ነው፤ 4,750ው በወር 220 ሲካፈል ወደ 22 ወር ይወስዳል፣ እስከዚያም ድረስ የአማካሪዎቹ ክፍያና፣ ብዙውን ጊዜ ከውል ፊርማ ቀን የሚጀምረው የሶፍትዌሩ ዓመታዊ ክፍያ ይቀጥላል። ሦስተኛው ሥራውን መቀነስ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሠራተኛ መረጃ፣ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ብቻ ይግቡ፣ ቅጥርና ምዘና ደመወዙ 3 ወር በሰላም ከተከፈለ በኋላ ይከተሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ቢፈቀድልዎትም ከሦስተኛው ጋር እንዲያጣምሩት እመክራለሁ። ምዘና ቢዘገይ ማንም አይራብም፤ ደመወዝ ቢዘገይ ግን ሠራተኛው ቤት ውስጥ ይታወቃል። አመራሩ ከሦስቱ ሌላ አራተኛ፣ ማለትም ያው ሥራ በዚያው ቀን በዚያው 4 ግማሽ ሰው ይሁን ካለ፣ ውሳኔው በአብይ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ላይ ከነስሌቱ እንዲሰፍር ያድርጉ። ከአቅራቢውም ዘንድ ይህንኑ ሶፍትዌር የተገበሩ ሁለት ደንበኞች ስም ይጠይቁና የደመወዝ ክፍል ኃላፊዎቻቸውን ያነጋግሩ፤ «በ7ኛው ወር ስንት ሰዎቻችሁ ምን ይሠሩ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ለብቻው በቂ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ከማስጀመሪያው ቀን በኋላ ያለው ነው። አቅራቢዎች ከማስጀመሪያው በኋላ አራት ሳምንት የቅርብ ድጋፍ እንሰጣለን ሲሉ ረጅም ይመስላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን የሚዘጋው አንድ ደመወዝ ብቻ ነው። ድጋፉ በሳምንት ሳይሆን በደመወዝ መዝጊያ ይቆጠር፣ ቢያንስ 3 ይሁን፣ 5ቱ ሰዎችም እስከዚያ ወደ ቀድሞ ወንበራቸው አይመለሱ። ከዚያም ሥርዓቱ ቋሚ ባለቤት ይሻል። በደመና ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት በአቅራቢው ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ወርክዴይና ሳፕ ሰክሰስፋክተርስ በዓመት 2 ጊዜ፣ ኦራክል በየሩብ ዓመቱ ዋና ማሻሻያ ይለቃሉ፣ እያንዳንዱ ማሻሻያም የደመወዝ ደንቦቻችሁ እንዳልተነኩ መፈተንን ይጠይቃል። ለዚህ 2 ቋሚ መደቦች ያስፈልጉዎታል፤ ሰዎቹም ከ5ቱ መካከል በንድፉ ወቅት ከወዲሁ ይሰየሙ፣ የመደቡ ደረጃና ደመወዝም ያን ጊዜ ይወሰን። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ ፕሮጀክቱ ካለቀ፣ ሥርዓቱን ጠንቅቀው ያወቁት ሁለት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍል ሌላ ድርጅት ይሄዳሉ፤ ይዘውት የሄዱትንም ዕውቀት እርስዎ ከአማካሪዎች በሰዓት እየከፈሉ ይገዛሉ።